አባትሽ ተኝታለች

ነሐሴ 9

ዛሬ ያየሁት ፊልም ላይ ዋናዋ ልጅ ሆስፒታል ተኝታ ሊፕስቲክ ተቀብታለች። ከንፈሯ ደረቀ እየተባለ በጥጥ ውሃ ያጠጧታል፤ ከንፈሯ ቀይ! ድና ስትወጣ ደግሞ ዝናብ ይመጣል፤ ዝናቡ የሚዘንበው እሷ ላይ ብቻ ነው፣ ከኋላዋ ያለው አስፋልት አቧራው እንኳን አልረጠበም። ቱቦውን የያዘው ሰውዬ እጁን ትንሽ ቢያወዛውዝ ምን ነበረበት? ፍሬሕይወት ግን አለቀሰች። «አንቺ ልብ የለሽም» አለችኝ። ልብማ አለኝ፤ ዓይንም ጨምሮ ስለሰጠኝ ነው።

ይህንኑ ቻናሌ ላይ ጻፍኩት። «በሶዶ ዓይን» ብዬ ቴሌግራም ላይ ከከፈትኩ ወዲህ ሰው ስድቤን ለምዶታል፣ ስዘገይ «ማሂ ምነው ጠፋሽ» ይሉኛል። ቀን ኮፒ ቤት ነኝ፤ ፍሬሕይወት ማሽኑ ላይ፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ። የሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ «ባለቤቴ ወይዘሮ እንትና ታሞ» የሚለውን «ታማ» እያልኩ አስተካክላለሁ። ማታ ፊልም አስተካክላለሁ።

ያሬድ ደወለ። ስንት ጊዜ ጠፍቶ! ፊልሙ አልቋል። «አማት በር ላይ» ይባላል፤ ጸሐፊውም አዘጋጁም እሱ ነው። ሃይስኩል እያለን ቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተጣበን ስንት ፊልም አየን፤ እሱ አንድ ቀን ሊሠራ፣ እኔ አንድ ቀን ልተች። ሠራዋ! ለአዲስ ዓመታችን ለጊፋታ ሶዶ አምጥቶ፣ ከአዲስ አበባ ቀድሞ ሊያሳየው ነው። «መድረኩን የምትመሪው አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሰው አልፈልግም» አለኝ። እሺ አልኩ። ለምን እየሳቅኩ እንዳወራሁ አላውቅም፣ የሚያስቅ ነገር አላለኝም።

ነሐሴ 13

እማዬ ሰማች። ማለቴ ነገርኳት። የዳጣ ቃሪያ የምትፈጭበትን እጇን ሳትታጠብ ቆማ ቀረች።

«ያሬድ ትመጣለች? ልጄ ትመጣለች?»

«ትመጣለች እማዬ።»

«ክስት ብላለች። በስልክ ድምጿ ክስት ብላለች። አዲስ አበባ ዳጣ የለም።»

ለእሱ የሚሆን ዳጣ ለብቻ ልታዘጋጅ ነው። በራችን ላይ ከምትሸጠው አይደለም፣ ለእሱ ሌላ ማሰሮ አለ። ሃይስኩል እያለን ከትምህርት ቤት ተከትሎኝ እየመጣ እኛ ቤት ነው የበላው፤ እናቱ ስለሞተች እማዬን እናቴ ይል ነበር።

እማዬ የቦምቤ ልጅ ናት። አማርኛ የተማረችው አባዬን አግብታ ነው። አባዬ ደግሞ አያቱ ከሰሜን መጥተው ሶዶ ከቀሩ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ ሌላ ቋንቋ ተወርቶ አያውቅም፤ የእሷን ቋንቋ ከ«ሳሮ» ሰላምታ አላለፈም። እሷ ናት ወደ እሱ የሄደችው። ግማሽ መንገድ ላይ ወንዱ ሁሉ ሴት ሆነባት። አባዬ አንድም ቀን አላረማትም። «እናትሽ የወደደችውን ነው ሴት የምታደርገው» ይለኝ ነበር። «የቀበሌውን ሊቀመንበር ስትጠራ ሰምተሻል? እሱ፣ መጣ፣ ሄደ! አንዲት ስሕተት የለባት።» እውነቱን ነው። አባዬ እስከ መጨረሻው «እሷ» ነበር።

ነሐሴ 20

መብራት የለም። አዳራሹ ፊልም ትቶ ኳስ ያሳያል፣ ያውም በጄኔሬተር። ከተማው አድጓል ይላሉ፤ ፎቁ አድጓል፣ ባጃጁ አድጓል፣ ፊልም ማያ ቦታ ግን ከዓመት ዓመት ይቀንሳል። ስልኬ ላይ ግማሽ ፊልም አየሁ፤ ሀብታሙ አባት ደረቱን ይዞ ወደቀ። የኛ ፊልም ሀብታም ሁሉ ልቡን ነው የሚያመው፣ አንድ ቀን እንኳን ጉንፋን አይዘውም። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። ይሙት ይዳን አላወቅኩም።

ቀሚስ አሰፋሁ። ለበዓሉ ነው።

ነሐሴ 27

የያሬድ ፊልም ማስታወቂያ ወጣ። ፍሬሕይወት አሳየችኝ። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፣ ቶሎ ልጻፍ።

ሰውዬው ሠርግ ላይ ሰክሮ ሶፋ ላይ ተዘርሯል። ሽማግሎች ሊያናግሩት መጡ። ከገጠር የመጣችው ሚስቱ፣ የሙሽራዋ እናት፣ ነጠላዋን ጠምጥማ በሩ ላይ ቆማለች። ጣቷን አፏ ላይ አደረገች።

«ባሌ ተኝታለች፤ እንዳትቀሰቅሷት!»

ከዚያ ከበሮ። ከዚያ የፊልሙ ስም።

ፍሬሕይወት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ጣቷን እንኳን። ጣቷን አፏ ላይ ማድረጓን እንኳን።

አጋጣሚ ነው። እንዲህ የምትናገር እናት በየቤቱ አለች። አጋጣሚ ነው።

ያው ቀን፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አጋጣሚ አይደለም።

ያለፈው ጥቅምት፣ ዱቦ። አባዬን ሆስፒታል ካስገባነው ሰንብተናል። ሻይ ላመጣ ወጥቼ ስመለስ እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። «አባትሽ ተኝታለች» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። «እንዳትቀሰቅሺያት።» እኔም ሻዩን እንዳላፈስ እየተጠነቀቅኩ፣ በጫማዬ ጫፍ እየረገጥኩ ገባሁ። ፊቱን ሸፍናዋለች።

እስከ ዛሬ ያንን ሌላውን ቃል ከአፏ አውጥታ አታውቅም። «አባትሽ ከተኛች ወዲህ» ነው የምትለው። ኮርኒሱ ማፍሰስ የጀመረው አባትሽ ከተኛች ወዲህ ነው። ዘመድ ይሰማታል፣ ዝም ይላል። እኔም ዝም አልኩ። ማን ያርማታል?

ይህን በዓለም ላይ ለአንድ ሰው ነው የነገርኩት። ከቀብሩ በኋላ ያሬድ ደወለልኝ፤ መምጣት አልቻልኩም፣ ቀረጻ ላይ ነኝ አለኝ። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት፤ በሩን፣ ጣቷን፣ ሻዩን። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ «ማሂ፣ እስቲ ደግመሽ በይልኝ» አለኝ።

ደገምኩለት። የእማዬን ድምጽ አስመስዬ፣ ልክ እንደሷ ዝቅ አድርጌ። አዝኖ ነው ብዬ እኮ ነው! ሰው ሲያዝን ደግመሽ ንገሪኝ ይላል አይደል?

ጳጉሜን 2

ከተማው አብዷል። ባጃጁን «ሂድ እንጂ!» ብለው ሹፌሩ ሞተሩን እየመታ «ተኝታለች፤ እንዳትቀሰቅሺያት!» ይለኛል። ትራፊኩም ይስቃል። ቲክቶክ ላይ ልጅ አዋቂው የተኛ አባቱን፣ የተኛ ውሻውን፣ የተኛ መብራት ኃይልን ይቀርጻል። ኮፒ ቤት ማሽኑ ወረቀት ሲይዝብን ፍሬሕይወት ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ደንበኛውን አሳቀችው። እሷ ምን ታድርግ፣ አታውቅም። የተያዘውን ወረቀት ጎትቼ አወጣሁት።

እማዬ ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው። አላየችም። ልጆች በሰፈር ሲጮሁ ትሰማለች፤ «ምንድን ነው የምትለው ሕፃኑ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ዘፈን ነው» አልኳት።

መስከረም 3

ደወልኩለት። ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር።

«ያሬድ፣ ያቺ መስመር…»

«አየሻት? አገር ያዘች እኮ! ፊልሙን እሷ ናት የምትሸጠው።»

«የእናቴ ናት።»

«ማሂ፣ ደራሲ ከሕይወት ነው የሚወስደው» አለኝ። «አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ የኛ ፊልም ሕይወት የለውም እያልሽ የምትጮኺው? ይኸው ሕይወት አመጣሁ።»

«አባቴ ሞቶ ነው እኮ እንደዚያ ያለችው! አንተ የሰካራም ቀልድ አደረግካት።»

«ያንን ማን ያውቃል? እኔና አንቺ።»

«እማዬስ?»

«እማማ መቼ ፊልም አይተው ያውቃሉ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሲያቆም ድምጹ ተለሳለሰ፤ ያንን ድምጽ አውቀዋለሁ። «ለእኔ ብለሽ። የመጀመሪያ ፊልሜ ነው። መድረኩ ላይ ካንቺ ጋር ነው መቆም የምፈልገው።»

እሺ አልኩት። እንትፍ! ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ? የሰው ፊልም ሲሆን የሚቆርጥ፣ እሱ ሲያባብለኝ የሚሟሟ። ተጣልቼው እንዳልተጣላሁት ሆኜ ስልኩን ዘጋሁ። የድሮ ጓደኛ ስለሆነ ነው። ሌላ ምንም የለም።

መስከረም 9

እማዬ ወደ አዳራሹ መምጣት የለባትም። እሱን ብቻ ነው የምፈልገው፤ ከተማው እንዳሻው ይሳቅ፣ እሷ ጆሮ ብቻ አይድረስ።

አዳራሹ ይታፈናል አልኳት። «በር አጠገብ እቀመጣለሁ» አለች። ትኬት አልቋል አልኳት። «ልጄ ለእኔ ትኬት ትጠይቃለች?» ብላ ሳቀችብኝ። አጎቴ ባዳቾ ቦምቤ ድረስ መጥተሽ በዓሉን ከእኛ ጋር አሳልፊ ብሎሻል አልኳት፤ እሱ እንደዚያ አላለም፣ ደውዬ እንዲል አደረግኩት። አልሆነም።

«ልጄ ፊልም ሠርታ፣ እኔ ቦምቤ?» አለች። «አባትሽ ብትነሳ ምን ትለኛለች?»

ቁጭ ብዬ እውነቱን ልነግራት ነበር። እማዬ፣ የዱቦውን ነገር ለያሬድ ነግሬው ነበር፣ እሱ ደግሞ… ብዬ። ከዚያ ነጠላዋን አጥባ ገመድ ላይ ስታሰጣ አየኋት፤ ለፊልሙ ነው የምታጥበው። ነገ እነግራታለሁ።

መስከረም 12

አልነገርኳትም።

መስከረም 14

መጣ። ወፍሯል። እማዬ «ከስታለች!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ተዋናይዋን ይዞ ነው የመጣው፤ አማቷን የሠራችውን። ይመኙሻል ትባላለች፣ ከእኔ ብዙ አትበልጥም፣ ጨዋ ልጅ ናት፣ ጫማዋን በር ላይ ልታወልቅ ስትል እማዬ ከለከለቻት። ነገ ከፊልሙ በፊት መድረክ ላይ አጭር ጭውውት አላቸው። «እማማ፣ እስቲ ያጫውቷት፣ የአገሩን አነጋገር ትስማ» አለ ያሬድ። እማዬ ደስ አላት። ሰው አጫውቺኝ ካላት ስንት ዘመኗ ነው! ስለ ዳጣው አወራች፣ ስለ ባጃጁ አወራች፣ ከዚያ ስለ አባዬ ጀመረች፤ «ባለቤቴ እኮ ፊልም ትወድ ነበር፣ ሬዲዮም ትወድ ነበር…»

ልጅቷን አየኋት። ዓይኗ እማዬ አፍ ላይ ነው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ድምጽ ሳታወጣ ከሥር ከሥር ትደግማለች። ትወድ ነበር። ትወድ ነበር። ያሬድም አየኝ፣ ማየቴንም አየ፣ ዳቦውን ቆረሰ።

ጓዳ ገብቼ ሳህን አጠብኩ። ታጥቦ የነበረውን ነው ያጠብኩት።

መስከረም 15

ዛሬ ነው። ፀጉሬ ተሠርቷል። እማዬ ከእኔ ቀድማ ለብሳ ቁጭ ብላለች። አሞኛል ብዬ ልቅር? ያለ እኔም ትሄዳለች። አብሬያት ሆኜ ትዕይንቱ ሊደርስ ሲል እንውጣ እላታለሁ። እንደዚያ ነው የማደርገው።

መስከረም 16

ደመራ ነው፤ አልወጣሁም። እማዬም አልወጣችም። እሷ ክፍሏ ናት፣ እኔ ክፍሌ።

መድረኩን መራሁ። «እንኳን ደህና መጣችሁ» አልኩ፣ አጨበጨቡልኝ፣ አዲሱ ቀሚሴ ላይ መብራት በራ። ሰዓት ስለሄደ ጭውውቱ ቀረ፤ ወርጄ እማዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፊልሙ መጥፎ አይደለም፤ ይኼ ነው የሚያቃጥለኝ። ብርሃኑ ያምራል። ዝናቡ አስፋልቱ ላይም ይዘንባል፤ ከእኔ ነው የተማረው። እንዲያውም ረስቼ አንድ ጊዜ ሳቅኩ።

ከዚያ ሶፋውን አየሁት። ሰውዬው ተዘርሯል። «እማዬ፣ እንውጣ፣ ሽንቴ መጣ» አልኳት። «ሂጂ፣ እኔ ልይ» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። ሽማግሎቹ መጡ። ተዋናይዋ ጣቷን ወደ አፏ ስታነሳ ሳልኩ። ድምጿን ላፍን ብዬ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ሳልኩ። ምን ዋጋ አለው? ማስታወቂያውን ያላየ ሰው የለም። አዳራሹ በሙሉ፣ የሶዶ ሰው፣ የቦዲቲ ሰው፣ እናቱ ቤት ልክ እንደዚያ የምታወራ ሰው፣ ባንድ አፍ አብሯት አለው፦

«ባሌ ተኝታለች፤ እንዳትቀሰቅሷት!»

ከዚያ ሳቅ። ወንበር ተመታ፣ ተፏጨ።

እማዬ አልሳቀችም። ዞራ አየችኝ። ያሬድን አይደለም፣ እሱ ፊት ለፊታችን ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። እኔን ነው ያየችው። ዱቦ በሩ ላይ እሷና እኔ ብቻ ነበርን። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበችና ወደ ፊልሙ ዞረች፤ እስኪያልቅ ቀጥ ብላ አየችው።

ሲያልቅ ያሬድ መድረክ ላይ ጠራት፤ እኔም አብሬያት ወጣሁ። «የሶዶ እናት! እኔን ያበላችኝ!» ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ማይኩን ሰጣት። እንድትሳሳትላቸው ነው የሚጠብቁት፣ አንዳንዱ ከወዲሁ ፈገግ ብሏል፣ ስልክ ተነስቷል። እማዬ ማይኩን ይዛ ቆመች። ከንፈሯ ተከፈተ። ከዚያ ማይኩን ለእኔ አቀበለችኝ።

ያኔ ነበር መናገር። ማይኩ እጄ ላይ ነው! ይህች ሴት ምን ብላ፣ መቼ፣ ለማን እንዳለችው። ያ ሁሉ ሰው ፊት።

«መልካም በዓል» አልኩ።

መስከረም 18

ዮዮ ጊፋታ፣ እንኳን አደረሰን። በዚህ ቀን ቂም አይያዝም፣ የተጣላ ታርቆ ነው አዲሱ ዓመት የሚገባው። አጎቴ ባዳቾ ከቦምቤ መጣ። ያሬድም መጣ፣ ነጭ ለብሶ፣ ምንም እንዳልሆነ።

«እማማ፣ ፊልሙን ወደዱት?»

«ሰው ሳቀ» አለች እማዬ። ሥጋውን አቀረበችለት። በልቶ ሲጨርስ ገብታ ማሰሮውን አመጣች፤ ለእሱ ለብቻ ያዘጋጀችውን ዳጣ። ቃሏን ጠበቀች።

እስከ ባጃጁ ሸኘሁት። «አየሽ፣ አልተቀየሙም» አለኝ። «አንቺ ነሽ ነገር የምታከብጂ።» የያዝኩለትን ማሰሮ አቀበልኩት። «ግምገማሽን እየጠበቅኩ ነው። ደግሞ አዲስ እየጻፍኩ ነው፤ ስለ አባትሽ የሆነ የሬዲዮ ነገር እማማ ጀምረው ነበር… ሌላ የምታስታውሺው ካለ በድምጽ ላኪልኝ፣ እሺ ማሂ?»

«ደግመሽ በይልኝ ያልከኝ እያዘንክ ነበር ወይስ እየጻፍክ?» አልኩት።

አየኝ። ውሸት ለማምጣት እንኳን አልደከመም። «ሁለቱንም» አለኝ። ማሰሮውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሄደ። ቀሚሴን ያኔ ነበር አሳምሮሻል ያለኝ፣ ባጃጁ ሲነሳ።

ቤት ስመለስ እማዬ ሳህን ትሰበስባለች።

«ሄደ?» አለችኝ።

«ሄደ» አልኳት። በሩ ላይ ደርሼ ነው የገባኝ። ሄደ አለች። ያሬድን። ሄደች አላለችም።

መስከረም 25

እማዬ አማርኛ አታወራም። ከአጎቴ ጋር በስልክ በራሷ ቋንቋ ትጫወታለች፣ ትስቃለችም። ከእኔ ጋር ግን በዚያው ቋንቋ «ነይ ብዪ»፣ «በሩን ዝጊ» ብቻ። ዳጣ ሊገዛ የመጣ ሰው ስንት ነው ሲላት ጣቷን ታሳያለች። እናትሽ እትዬ አሳየሽ ምነው አመማት ወይ አለችኝ ፍሬሕይወት። ጉሮሮዋን ነው አልኳት።

ይቅር በይኝ ልላት በየማታው እነሳለሁ። ምን ብዬ ልጀምር? ለእሱ ያወራሁት ስላመንኩት ነው ልበላት? እሷም እኮ አምናኝ ነው።

ቻናሌ ላይ ሰው ይጮሃል። «ማሂ፣ የአገርሽን ልጅ ፊልም ፈራሽ?» ይሉኛል። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ብርሃኑ ያምራል ብዬ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። መጨረሻ ላይ ቻናሉን ዘጋሁት። ያሬድን ግን ከስልኬ አላጠፋሁትም። አጠፋዋለሁ።

ጥቅምት 7

ዛሬ ከሰዓት ኮፒ ቤት ሰልፍ ነበር። ቀና ስል እማዬ ሰልፉ ውስጥ ቆማለች። እዚህ መጥታ አታውቅም። ነይ ወደዚህ አልኳት፤ በእጇ ቆይ አለችኝ፣ ተራዋ እስኪደርስ እንደ ማንም ጠበቀች። ደረሰና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

የአባዬ ሙት ዓመት ሊደርስ ነው። ለጎረቤትና ለዕድር የሚበተን የጥሪ ወረቀት ልታስጽፍ ነው የመጣችው።

«እኔ እቤት እጽፍልሽ የለ እማዬ?»

«አይ። በትክክል ይጻፍ» አለች። አማርኛ ስታወራኝ ደነገጥኩ። እየፈራች ነው የምታወራው፣ እያንዳንዱን ቃል ከመናገሯ በፊት ታየዋለች። «ባለቤቴ… ቸርነት… ባለፈው ዓመት…» ብላ ቆመች። ፍሬሕይወት ማሽኑን አቆመችው።

እማዬ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለች፤ ሰው እንዳይሰማት ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ ልክ እንደዚያን ቀን።

«ማኅሌት። አንቺ ታውቂያለሽ። አባትሽ ሞተ ነው የሚባለው፣ ሞተች?»

«ተኝታለች በይ እማዬ» አልኳት። «እንደ ድሮሽ በይ። እኔ እንደዚያው እጽፈዋለሁ።»

«ሰው ይስቃል» አለች። «የቱ ነው?»

«ሞተ ነው» አልኳት።

«ሞተ» አለች። ከንፈሯን እያየሁ ነው። «ቸርነት ሞተ። ባሌ ሞተ።» ትምህርት ቤት እንደገባ ልጅ ደጋግማ አለችው፣ እስኪለምዳት። ከዚያ እዚያው ወንበሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። በቀብሩ ዕለት እንኳን እንደዚያ አላለቀሰችም።

ጻፍኩት። አትሜ ሰጠኋት። አጣጥፋ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው፣ እንደ ደንበኛ አመስግናኝ ወጣች።